በደቂቃ ስንት ቃል

በእኛ ትምህርት ቤት እንግዳ ሲመጣ ቤተ መጻሕፍቱን አናሳየውም፤ ጣሪያው ያፈሳል። ሽንት ቤቱንም አናሳየውም፤ ምክንያቱን እንግዳው ገና ከግቢው በር ላይ ያውቀዋል። በቀጥታ ወደ አንደኛ ክፍል፣ ወደ ጋሼ ዜማ ዘንድ ነው የምንወስደው።

ጋሼ ዜማ ቅጽል ስማቸው ነው። ዋናው ስማቸው ከሰዓት መፈረሚያው መዝገብ በቀር የትም አይገኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማሩት አንደኛ ክፍልን ብቻ ነው። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ጋዋናቸው ነጭ ጨርቅ ይሁን የጠመኔ አቧራ መለየት ካቃተን ቆይቷል። ከእጃቸው የማትጠፋ፣ ጫፏ ላይ የእስክሪብቶ ክዳን የተሰካባት ቀጭን ዘንግ አለቻቸው። እንግዳው ገብቶ ሲቀመጥ በዚያች ዘንግ የፊደል ገበታውን አንዴ ጠቅ ያደርጋሉ፤ ስልሳ ሕፃን በአንድ አፍ "ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ" ብሎ ይነሳል። ዝም ብሎ ጩኸት እንዳይመስላችሁ። ወንዶቹ ድምፃቸውን ሲያወርዱ ሴቶቹ ያወጣሉ፣ በየረድፉ መጨረሻ አንድ ጭብጨባ አለ፣ የመጨረሻው "ፐ" ላይ ሲደርሱ ደግሞ ድምፁ ቀስ እያለ ይጠፋል። አንዲት እንግዳ አልቅሳለች። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የዚህ ዜማ አሥራ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ፎቶግራፍ ደግሞ ድምፅ የለውም፣ ማንም ምንም አይጠይቀውም።

እኔ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ የጋሼ ዜማ የግድግዳ ጎረቤት። አፌ አያርፍምና መምህራኑ "መርፌ" ይሉኛል። ግድግዳችን ጣውላ ስለሆነ አሥራ አራት ዓመት ያንን ዜማ ከጣውላው ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ በየዓመቱም ዘማሪዎቹን ተረክቤያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ "ቀ" ብዬ ብቻዋን እጽፍና አንዱን ልጅ አስነሳለሁ። ልጁ ሰሌዳውን አያይም። ጣሪያውን እያየ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ይጀምራል። ከ"ሀ" ተነስቶ፣ በ"ለ" አልፎ፣ "መ"ን ረግጦ በእግሩ ይመጣል። "ቀ" ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ስለሆነች ከጠበቅኩት ይደርሳል። "ፐ"ን የጻፍኩ ቀን ግን ሳይደርስ የእረፍት ደወል ይደወላል።

ይህን ለጋሼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። አሥራ አራት ዓመት! መርፌ ተብዬ እንደ ጥጥ ተቀመጥኩ። ሰበብ ሞልቶኛል፤ አንጋፋ ናቸው፣ ደግ ናቸው፣ የታመመ ተማሪ በጀርባቸው አዝለው ቤቱ ያደርሳሉ፣ እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ክፍል ውስጥ ሳለቅስ ያገኙኝና ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ዝም አልኩ። አልነቀዝኩም፤ የነቀዙት ልጆቹ ናቸው።

እንግዲህ ጋሼ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ዓይናቸው መድከም ጀመረ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላቸው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀዋለን ብሎ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ሰጣቸው። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም አውራ ጣት የሚያካክሉ። አንደኛው ጠዋትና ማታ ይደረጋል፣ ሌላው ማታ ብቻ። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ይህንኑ በትንሽ ወረቀት ጽፎ በየጠርሙሱ ላይ ለጥፎላቸዋል። ጋሼ ያንን ጽሑፍ ማየት አይችሉም፤ ልጃቸው ሌላ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፣ ብቅ የምትለው በወር አንዴ ነው። ቤት ውስጥ ያለችው የልጅ ልጃቸው ብቻ ናት።

ጋሼ አልተጨነቁም። መምህራን ክፍል ተቀምጠን ጠርሙሶቹን እያሳዩን፣ "ልጄ አንዱ ላይ ለምልክት ላስቲክ አስራልኛለች። ላስቲኩ ቢጠፋም ግድ የለኝም፤ ቤት ውስጥ አንባቢ አለችኝ" አሉ።

አንባቢ ያሏት ደወል ናት። ድምጿ ከሩቅ ስለሚለይ ነው እንዲህ የተባለችው። አያቷ ክፍል በነበረች ጊዜ ዜማውን የምትመራው እሷ ነበረች። በዚያ ዓመት ወደ እኔ ተዛውራ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያቺን ያህል ብሩህ ልጅ ያስተማርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። አንድ ፊደል ግን አትለይም።

ስለ ሌሎቹ አሥራ አራት ዓመት የተኛሁት ሴትዮ ስለ እሷ እንቅልፍ አጣሁ፤ ምክንያቱም የዚህች ልጅ ንባብ ፈተና ማለፊያ ብቻ አይደለም። የሽማግሌው ዓይን በእሷ አፍ ላይ ነው የቀረው።

በዚያው ሰሞን ሥልጠና ተጠራን። ርዕሱ "በጥናት የተረጋገጠ የጀማሪዎች ንባብ አስተምህሮ" ይላል፤ የባነሩ ርዝመት ራሱ ለማንበብ ትንፋሽ ይጠይቃል። አምስት ቀን ነው። አሠልጣኙ ስላይድ ከፍቶ በስላይዱ ላይ ያለውን ያነብልናል። አዳራሹ በመምህራን ተሞልቶ ሳለ ከመካከላችን ማንበብ የሚችል ይኖራል ብሎ የጠረጠረ የለም። "ተማሪ ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ብቻ ማድረግ ጎጂ ነው" የሚለውን ስላይድ አርባ ደቂቃ ዝም ብለን አዳመጥነው።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። አሠልጣኙ ያለ ፕሮጀክተር እጁን እንደ ተቆረጠ ሰው ሆነና ወጣ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ ሻይ ስትቀዳ የነበረች የአሠልጣኙ ረዳት፣ አንዲት ቀጭን ሴት፣ የጫማ ካርቶን ይዛ ወደ ፊት መጣች። ካርቶኑ ውስጥ የፊደል ካርዶች ነበሩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ዕድሜ ልኬን የፈለግኩትን ነገረችኝ። ፊደሉን ከረድፉ አውጡት፣ ብቻውን አሳዩት፣ ድምፁን ንገሩት። ሁለቱን አጋጥሙ፣ ሦስቱን አጋጥሙ፣ ቃል ይሁን። እያንዳንዱን ልጅ በየቀኑ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ለብቻው አዳምጡት፣ ሲሳሳት እዚያው አርሙት፣ ነገም ያንኑ ድገሙ፣ በእጁም መጽሐፍ ስጡት። ይኸው ነው። "ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አምስት ቀን አስፈለገ?" ብዬ ጠየቅኳት። "አምስት ቀን የፈለገው ስላይዱ ነው" አለችኝ። ወዲያው መብራት መጣና ወደ ስላይዳችን ተመለስን።

ርዕሰ መምህራችን "ማኅተም" ይባላል። ያለ ማኅተም የሚያልፍ ነገር አይወድም፤ ቢፈቀድለት ሕፃናቱን ግንባራቸው ላይ ይመታቸው ነበር። ከሥልጠናው ስመለስ የምስክር ወረቀቴን ግልባጭ ወስዶ ማኅተም አደረገበትና ፋይል ውስጥ ከተተው። አብረው የተላኩትን አንድ መቶ ሃያ ትንንሽ የንባብ መጻሕፍት ደግሞ ቆጥሮ፣ ቢሮው ጥግ ያለው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ደርድሮ ቆለፈባቸው።

"ልጆቹ በምን ያንብቡ?" አልኩት።

"ልጅ እጅ ከገባ ይቀደዳላ! ቢቀደድ ተጠያቂው ማነው? አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?"

"መጽሐፍ እኮ የተሠራው ለመነበብ ነው።"

"ለንብረት ቆጠራም ነው" አለና የቁም ሳጥኑ በር ላይ "የንባብ ማዕከል" የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት። በዚያ ሳምንት ሱፐርቫይዘር መጥቶ የንባብ ማዕከል መኖሩን በቼክሊስቱ ላይ ምልክት አደረገ። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ።

እኔ ከሳሙና ካርቶን ካርድ ቆርጬ ሥራዬን ጀመርኩ። አምስት ወር ለፋሁ። ከሃምሳ ሁለቱ ልጆች ግማሾቹ አጫጭር ቃላት ማንበብ ቻሉ። ቀስ እያሉ፣ እየተንተባተቡ፣ በደቂቃ ስምንት፣ ቢበዛ አስር ቃል። ግን ያነቡ ነበር፤ ጣታቸው ያለበትና አፋቸው ያለበት አንድ ቦታ ነው። ያስቸገረችኝ ደወል ናት። አንዴ የሰማችውን አትረሳም፤ ካርዶቹን በደረደርኩበት ቅደም ተከተል ሁሉ በቃሏ ትይዝብኛለች። ጆሮዋ የሚሠራላትን ሥራ ዓይኗ ለምን ይልፋ?

በመጨረሻ፣ ማን እንደሚያነብላቸው ሳላስብ፣ ደብተሯ ላይ ለአያቷ ጻፍኩ። "ደወል ገና ማንበብ አልቻለችም። እባክዎ እንነጋገር።" በማግስቱ ከጽሑፌ ሥር የጋሼ ፊርማ ነበረ። ደስ አለኝ። በእረፍት ሰዓት የውኃ ቧንቧው ጋ አገኘኋቸው።

"ልጄ፣ ለጻፍሽው መልካም ነገር እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ።

"የቱን መልካም ነገር፣ ጋሼ?"

"ደወል አነበበችልኝ። 'ጎበዝ ናት፣ በርቺ በሏት' ብለሻል።"

እንግዲህ ምን ይባላል? የጻፍኩትን ያነበበችላቸው ራሷ ተከሳሿ ናት። "ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም የጻፍኩት። ልጅቷ አታነብም" አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁና፣ "አይ መርፌ! ሰው ይሰማሻል፣ ቀልድሽን ተዪ" ብለው ዘንጋቸውን እየተመረኮዙ ሄዱ። ተከትዬ እጃቸውን ይዤ ማስረዳት ነበረብኝ። አልተከተልኳቸውም።

ከዚያ የአንድ ደቂቃ ምዘና መጣ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ መዛኝ ከነሰዓቱ ይመጣል፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ አንድ ምንባብ ይሰጠዋል፣ በአንድ ደቂቃ ያነበበው ቃል ይቆጠራል። እኔ እውነቱ ወጣ ብዬ ደስ አለኝ። ማኅተም ቢሮው ጠራኝ።

"ልጆችሽ በደቂቃ ስንት ያነባሉ?"

"የሚያነቡት አስር ገደማ።"

"አስር! ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ሠላሳ ነው እያለ ነው። እኛ አስር ብለን ሪፖርት ልናደርግ ነው?"

"አስር ስለሆነ አስር እንላለን።"

ነውር እንደ ተናገርኩ አድርጎ አየኝ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። "ለዝግጅት ይረዳችኋል ብሎ አንድ የጽሕፈት ቤት ወዳጄ የሰጠኝ ነው" አለ። ስለ አንዲት ነጭ ድመት የሚያወራ፣ ስልሳ አንድ ቃል ያለው ምንባብ። የምዘናው ምንባብ ራሱ እንደሆነ ገባኝ። እሱም እንደገባኝ ገባው። ወረቀቱ ከወዲሁ ማኅተም ተመትቶበታል።

እምቢ አልኩ። ለሁለት ሳምንት ክፍሌን ተቀማሁና ለጋሼ ዜማ ተሰጠ። ምንባቡን ማኅተም አነበበላቸው፤ የተነገራቸው "የልምምድ ምንባብ ነው፣ ልጆቹን ያግዙልን" ተብሎ ነው፤ ሌላውን አያውቁም። መምህራን ክፍል ውስጥ በሰው ፊት ተጨቃጨቅን።

"ጋሼ፣ ይህ ማንበብ አይደለም፣ ማስጠናት ነው።"

"ልጄ፣ ማንበብ ማለት መድገም ነው። አፉ ሲለምድ ዓይኑ ይከተላል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁትን አንቺ በአምስት ቀን ሥልጠና ታፈርሽዋለሽ?"

ሰውዬው አጭበርባሪ አልነበሩም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ከልባቸው ያምኑ ነበር። አጭበርባሪውን ሰው መጥላት ይቀላል፤ የሚያምነውን ሰው ነው ምን እንደምታደርጉት የሚጠፋባችሁ።

ነጯን ድመት በሁለት ሳምንት ውስጥ ዜማ አወጡላት። ምን ያለ ዜማ! ፊደል ያልቆጠረው የግቢው ዘበኛ ሳይቀር በሩን ሲከፍት "ነጯ ድመት ወደ ወንዝ ወረደች" ይል ጀመር። እኔም ቤቴ ዕቃ ሳጥብ ራሴን ያዝኩት።

የምዘናው ቀን መዛኙ አንገቱ ላይ ሰዓት አንጠልጥሎ መጣ። የመጀመሪያው ልጅ ስልሳ አንዱን ቃል በአሥራ ዘጠኝ ሴኮንድ ጨረሰው። የሁለተኛው ልጅ ወረቀት መሐል ላይ ከእጁ አምልጦ ወንበር ሥር ገባ፤ ልጁ ጣሪያውን እያየ ቀጠለ። ሦስተኛው ወረቀቱ ሳይሰጠው ጀመረ። መዛኙ ሦስተኛው ላይ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። የሚናገር መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት አሥራ አምስት ትምህርት ቤት ይቀረዋል፣ ቅጹ ላይ ደግሞ "ወረቀት ሳይሰጠው ያነበበ" የሚል ዓምድ የለም። ቁጥሩን ሞልቶ ሄደ። ደወልማ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጣቷን በመስመሩ ላይ እየሳበች፣ በሚያምር ድምፅ፣ አንዱን መስመር እያሳየች የሌላውን አለችው።

ውጤቱ ሲመጣ በደቂቃ መቶ ዘጠና ሆንን። ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት እንኳ ሐዘን ተቀመጠ። ጽሕፈት ቤቱ "በጥናት የተረጋገጠው ዘዴ በተግባር የታየበት አርአያ ትምህርት ቤት" ብሎ ጻፈልንና የሽልማት ቀን ቆረጠ። ማኅተም ብልህ ነው፤ የጋሼን የጡረታ ሽኝት ከሽልማቱ ጋር አጣምሮ አንድ ድንኳን ለሁለት ተጠቀመ።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው፣ በእረፍት ሰዓት፣ ጋሼ ዜማ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ዘንጓ አልነበረችም። በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ልጆቹ ውጭ ነበሩ። ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ ደወል የምትቀመጥበት ላይ ቁጭ አሉና ሁለቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ አቆሙ።

"ላስቲኩ ጠፋ" አሉኝ።

"መቼ?"

"ዘጠኝ ቀኑ። የጠፋብኝ ዕለት ደወልን ጠራኋት። 'አንብቢልኝ እስኪ፣ የጠዋቱ የትኛው ነው?' አልኳት። ጠርሙሱን ተቀበለችኝ። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ፣ 'ነጯ ድመት ወደ ወንዝ ወረደች' አለችኝ።"

አንዱን ጠርሙስ አነሳሁ።

"ቀለደች ብዬ ሳቅኩ። 'ሂጂ ወዲያ፣ የምርሽን አንብቢ' አልኳት። ሁለተኛውን ጠርሙስ አነሳችና፣ 'ወንዙ ሞልቶ ነበር' አለች። ከዚያ ጠርሙሱን አስቀምጣ አለቀሰች። 'አባባ፣ ሌላ አላውቅም' አለችኝ።"

እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ያንን ሁሉ ሕፃን ያዘመረ ድምፅ እንዲያ ሲሆን አንጀቴን በላው። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

"ታዲያ ዘጠኝ ቀን ምን ሲያደርጉ ነበር?"

"አፍሬ ማንንም አልጠየቅኩም። በግምት ነው። ትናንት ሐኪሙ አየኝ። ሁለቱን አቀያይሬያቸው ኖሯል። በግራ በኩል የነበረው ብርሃን ቀንሷል አለኝ።" ቀጥለው፣ "እውነትሽን ነበር፣ አይደል? ያን ቀን ቧንቧው ጋ" አሉ።

"እውነቴን ነበር።"

"ስንት ናቸው? የኔ ልጆች… እንደሷ ሆነው ወደ አንቺ የመጡት?"

ሁሉም ማለት አልቻልኩም። "ብዙ ናቸው፣ ጋሼ" አልኳቸው። "እኔም ዐውቄ ዝም ብያለሁ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?" አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ከፀጉሬ ላይ ማሰሪያዬን ፈትቼ የጠዋቱ ጠርሙስ ላይ አጠመጠምኩላቸው። እሳቸው ግን በጣታቸው ዳሰሱትና፣ "የሌላ ሰው ዓይን ስንት ቀን እዋሳለሁ? እሷ መማር አለባት። ቶሎ። ይቺ ገና ትንሽ እያየችልኝ ሳለች" አሉና ቀኝ ዓይናቸውን ነኩ።

የሽልማቱ ቀን ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ፣ የጽሕፈት ቤቱ ምክትል ኃላፊ ከፊት ተቀመጡ። በፕሮግራሙ መሠረት ደወል ነጯን ድመት ልታነብ ነበር። ጋሼ ሊያስተዋውቋት ተነሱ፣ ወረቀቱን ከማኅተም እጅ ተቀበሉ፣ ደወልን ግን በእጃቸው ምልክት አስቀመጧት። ወረቀቱን በሰው ሁሉ ፊት ገለበጡት፤ ራሱ ወደ ታች ሆነ። እንደዚያ እንደተዘቀዘቀ ከፊታቸው አድርገው ስልሳ አንዱን ቃል አንድም ሳይስቱ አወረዱት።

"ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ" አሉ። "ዓይኔ አያይም። ይህ ወረቀት ተዘቅዝቋል። አሁን ያደረግኩት ማንበብ ከሆነ፣ ልጆቹም አንብበዋል። ካልሆነ ግን…"

አልጨረሱም። ምክትል ኃላፊው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ድንኳኑ በሙሉ ተከተላቸው። "ማንበብ አይደለም እያልኳችሁ ነው!" ይላሉ ጋሼ በድምፅ ማጉያው፤ ጭብጨባው ይውጠዋል። "ትሕትናቸው!" አለች አጠገቤ የተቀመጠች እንግዳ እንባዋን እየጠረገች። ኋላ በጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ላንብብላችሁ፤ ማንበብ እችላለሁና። "ዘዴው ለማየት ለተሳናቸውም ጭምር ውጤታማ መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል።" ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጭብጨባው ሲበርድ ማኅተም የሽኝት ስጦታውን፣ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት፣ ይዞ ቀረበ። ጋሼ ተቀበሉና ድምፅ ማጉያውን አልለቀቁም።

"ሌላም ስጦታ እለምናለሁ።"

"ይጠይቁ፣ ይጠይቁ!" አሉ ምክትል ኃላፊው።

"የቁም ሳጥኑን ቁልፍ።"

ማኅተም እንዳልሰማ ሊሆን ሞከረ። ምክትል ኃላፊው የምን ቁም ሳጥን እንደሆነ አልገባቸውም፤ በጭብጨባ ስሜት ላይ ያለ ሰው ግን እምቢ አይልም። "ይሰጣቸው እንጂ!" አሉ። ማኅተም ኪሱን እንደ ታመመ ሰው ዳብሶ ቁልፉን አወጣ። በማግስቱ የርክክብ ቅጽ አስፈርሞናል፤ ማኅተምም አድርጎበታል።

ከጡረታ በኋላ ጋሼ ቤት አልዋሉም። በየጠዋቱ ደወልን ይዘው ይመጣሉ፣ ከክፍሌ ኋላ፣ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ልጆቹ ከአንድ መቶ ሃያው መጽሐፍ አንዳንድ እየያዙ በተራ ያነቡላቸዋል። ዓይን አያስፈልጋቸውም፤ ያ ጆሯቸው አለ። ልጁ አፉን ማፍጠን፣ ድምፁን ማስጌጥ ሲጀምር ወዲያው፣ "ቁም! እሱ ዘፈን ነው። ከጣትህ ጀምር" ይሉታል። መንተባተብ ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስጠኑትን ዜማ ከልጅ አፍ ላይ እየለቀሙ የሚያወጡ እሳቸው ሆኑ። እስካሁን አሥራ ሰባት መጽሐፍ ተቀዷል። ማኅተም በየሳምንቱ እየመጣ የተቀደደውን ይቆጥራል፤ እኔም ከእሱ ጋር ነው የምቆጥረው፣ በደስታ።

ደወል ላይ ጊዜ ወሰደ። የሰማችውን ሁሉ ስለምትይዝ ጋሼ እሷ ስታነብ አንድ ቃል አይተነፍሱላትም። ትናደዳለች፣ መጽሐፉን ትወረውራለች፣ "አንዴ ብቻ ንገረኝ" ብላ ታለቅሳለች። እሳቸው እያመማቸው ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ከእንባዋ ጋር፣ "ዓ… ሣ" አለች። ዓሣ። ነጯ ድመት የበላችው ዓሣ አይደለም፣ ሌላ መጽሐፍ ላይ ያለ ሌላ ዓሣ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ተማሪ ሳይገባ፣ ጋሼ ጠርሙሶቹን ከፌስታሉ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አቆሙ። የፀጉር ማሰሪያዬን ፈትተው ለእኔ መለሱልኝ። ከዚያ ጠርሙሶቹን በመዳፋቸው ውስጥ አቀላቅለው ለደወል ዘረጉላት።

"የጠዋቱን ስጪኝ" አሏት።

አንዱን አነሳች። ወረቀቱ ተቧጭሯል፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ጽሑፍም እግዜር ያሳያችሁ። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረገች። ጣሪያውን አላየችም። "ማ…" አለች። ቆመች። "ታ…" አለች። ማታ። ከዚያ "ብ…" ብላ ቆየች፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ "ቻ። ማታ ብቻ። አባባ፣ ይህ አይደለም።" ሁለተኛውን አነሳች። "ጠ… ዋ… ት… ና…" የመጨረሻው ቃል ላይ ስትደርስ ቀድሞ ታውቀዋለችና ልታፈጥን ነበር፤ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ተመልሳ ጣቷን አስቀመጠችና እንደ አዲስ፣ "ማ… ታ" አለች።

የሽኝታቸውን ሰዓት እኔ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው የሰቀልነው። ቀና ብዬ አየሁት። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ፣ አራት ቃል። በጽሕፈት ቤቱ መለኪያ ደወል ወድቃለች። ጋሼ ራሳቸውን ወደ ኋላ አዘነበሉና ጠብታውን እስክታደርግላቸው ጠበቁ።